ፈተና ክፍል የሚገባው ጌም ቦይ

አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ወላጅ ይህን ዕቃ ያውቀዋል። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ግዙ ከሚላቸው ነገሮች መካከል ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ፣ ወፈር ያለ፣ ቁልፉ የበዛ የሒሳብ ማሽን አለበት። ግራፍ የሚሥለው ካልኩሌተር ነው። ወላጁ «ስልክህ ላይ ካልኩሌተር አለ አይደል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፦ ስልክ ፈተና ክፍል አይገባም፣ ይሄ ግን ይገባል። እዚህ የምዳስሰው ጉዳይ፣ ማለትም በዚያ ማሽን ላይ የድሮ የጌም ኮንሶሎችን የማስኬድ ነገር፣ መነሻውም እንቅፋቱም ይኸው የመግባት ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው ግን ነገሩን የፍጥነት ጥያቄ አድርጎ ነው የሚያየው።

ማሽኑ ሙሉ ኮምፒዩተር ነው። ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ አለው። የመጀመሪያው ግራፍ ሠሪ ካልኩሌተር በ1985 የወጣው የካሲዮ ኤፍኤክስ-7000ጂ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1990 ቲአይ-81ን ይዞ ገባ። በውስጡ የነበረው ፕሮሰሰር ዚሎግ የተባለው ኩባንያ በ1976 ያወጣው ዜድ80 ነው። የሚገርመው በ2004 የተሸጠው ቲአይ-84 ፕላስም በዚያው የፕሮሰሰር ዘር ነበር የሚሠራው። የፈተና ዕቃ ቶሎ ቶሎ አይለወጥም፤ መምህሩ የለመደውን፣ መጽሐፉ ሥዕሉን ያተመውን፣ ፈታኙ የፈቀደውን ትቶ አዲስ ማምጣት ለማንም አይመችም። በዚህ ምክንያት የ1970ዎቹ ፕሮሰሰር በ2000ዎቹ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ቀረ። ለጌም ወዳዶች ይህ እንደ ሎተሪ ነበር፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ላይ እንደርስበታለን።

አንድ ልዩነት አስቀድሞ ይለይ። ቴትሪስን ለካልኩሌተር ብሎ እንደ አዲስ መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ ተማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምረው ሲያደርጉት ኖረዋል። ኢሙሌተር ሌላ ነው። ኢሙሌተር በአንድ ማሽን ውስጥ የሌላውን ማሽን ጠባይ አስመስሎ ይፈጥርና፣ ለዚያኛው የተሠራው የጌም ካሴት በገዛ ቤቱ ያለ መስሎት እንዲሠራ ያደርጋል። ካሴቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በኒንቴንዶ መሐንዲሶች እንደተጻፈው ነው የሚቀርበው፤ የማስመሰሉ ሸክም ያለው ካልኩሌተሩ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ብዙዎች ከሚገምቱት ቀደም ብሎ፣ ደግሞም ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውጭ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአርሲኤ መሐንዲስ የነበረው ጆሴፍ ዋይስቤከር ቺፕ-8 የሚባል ትንሽ የጌም መጻፊያ ቋንቋ ሠራ፤ 1977 ላይ ከወጣው ኮስማክ ቪአይፒ ከተባለ የትርፍ ጊዜ ኮምፒዩተር ጋር ተዋወቀ። ስክሪኑ 64 በ32 ነጥብ ብቻ ነበር። በ1990 አንድሪያስ ጉስታፍሶን ይህንኑ በኤችፒ-48ኤስኤክስ ካልኩሌተር ላይ አስነሣውና ቺፕ-48 አለው። የካልኩሌተሩ ስክሪን 131 በ64 ነው። እያንዳንዷን ነጥብ በቁመትም በወርድም ዕጥፍ ብታደርጋት 128 በ64 ይሆናል፤ ሦስት ነጥብ ብቻ ተርፎ ልክ ይገባል። እንዲህ ያለ መገጣጠም በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ቺፕ-8 በትክክል ኮንሶል ነው ማለት አይቻልም፤ ግን የኋለኞቹ ሁሉ ፈለግ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጥሎ አልፏል። ቺፕ-48 ሲጻፍ አንዳንድ ትዕዛዞች ከጥንቱ አሠራር ትንሽ ዘወር አሉ። ለምሳሌ ቁጥርን በአንድ ቢት ወደ ጎን የሚገፋው ትዕዛዝ በመጀመሪያው ማሽን ላይ ሁለተኛውን ሬጂስተር አንብቦ ውጤቱን በመጀመሪያው ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ በካልኩሌተሩ ላይ ግን የመጀመሪያውን ራሱን ባለበት መግፋት ሆነ። በዓመቱ የመጣው ሱፐር-ቺፕ ይህንኑ ወረሰ፣ ብዙ ጌሞችም በዚሁ ልማድ ተጻፉ። ዛሬ የመጀመሪያ ኢሙሌተሩን የሚጽፍ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በቺፕ-8 ነው፤ አንዱ ጌም ሠርቶ ሌላው ሲበላሽበት ሌሊቱን የሚያነጋበት ምክንያትም ያ የ1990 ካልኩሌተር ሊሆን ይችላል።

ወደ ዋናው እንምጣ። በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ በእኔ ግምት ትልቁ ሥራ ቲአይ-ቦይ ኤስኢ ነው፤ የ1989ኙን የኒንቴንዶ የእጅ ኮንሶል፣ ጌም ቦይን፣ በቲአይ-84 ፕላስ ላይ የሚያስኬድ ኢሙሌተር። ለምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ መቁጠር ያስፈልጋል።

የጌም ቦይ ፕሮሰሰር በሰከንድ 4.19 ሚሊዮን ምት ይመታል። የካልኩሌተሩ 15 ሚሊዮን ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ሦስት ተኩል ዕጥፍ ይፈጥናል፣ ታዲያ ምን ቸገረ?» ይላል። የጌም ቦይ ቀላሉ ትዕዛዝ 4 ምት ይፈጃል፤ በዚያችው ቅጽበት ካልኩሌተሩ የሚያገኘው 14 ምት ነው። የተለመደው ኢሙሌተር ደግሞ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ቁጥሩን ከሜሞሪ ያነባል፣ ጠቋሚውን ወደሚቀጥለው ያራምዳል፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ይለያል፣ ከዚያ ይፈጽማል። በዜድ80 ላይ አንዲት ባይት ማንበብ 7 ምት፣ ጠቋሚውን አንድ ደረጃ ማራመድ 6 ምት ነው። አሥራ ሦስት። ትዕዛዙ ገና ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ አለቀ። በዚህ መንገድ ጌሙ ቢሄድም እየተጎተተ ነው።

መውጫው የተገኘው በዝምድና ነው። ሻርፕ ለጌም ቦይ የሠራው ፕሮሰሰር የዜድ80 የቅርብ ዘመድ ነው። ከትዕዛዞቹ አብዛኞቹ ቁጥራቸውም ሥራቸውም አንድ ነው። ስለዚህ እያነበቡ ከመተርጎም ይልቅ የካሴቱን ኮድ ለካልኩሌተሩ ፕሮሰሰር በቀጥታ መስጠት ይቻላል፤ ባዕድ ሳይሆን የገዛ ቋንቋው ሆኖ ያገኘዋል። ሎተሪው ይህ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በጊዜው ዘመናዊ ፕሮሰሰር አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ አይኖርም ነበር።

ታዲያ ዘመዳሞች በሁሉም ነገር አይስማሙም። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 22 የሚለውን ትዕዛዝ እንውሰድ። ለጌም ቦይ ትርጉሙ «በእጅህ ያለውን ቁጥር ጠቋሚው ባለበት አስቀምጥና ጠቋሚውን አንድ አራምድ» ነው፤ ርዝመቱ አንድ ባይት። ለዜድ80 ደግሞ «ጠቋሚውን ራሱን በሚከተሉት ሁለት ባይቶች በተጻፈው አድራሻ አስቀምጥ» ማለት ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ባይት። ሳይጠለፍ ቢያልፍ ፕሮሰሰሩ ቀጣዮቹን ሁለት ትዕዛዞች አድራሻ መስለውት ይውጣቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይፋለሳል። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ትዕዛዞች አንድ በአንድ ተጠልፈው በኢሙሌተሩ ኮድ መተካት አለባቸው። በዚያ ላይ ጌሙ ስክሪን፣ ሰዓትና ቁልፍ የሚያዝባቸው የሜሞሪ አድራሻዎች አሉ፤ ካልኩሌተሩ ላይ በነዚያ አድራሻዎች ያለው ሌላ ነገር ነው። ወደነሱ የሚጻፈውን ሁሉ መጥለፍና ወደ ካልኩሌተሩ ቋንቋ ማዞር የኢሙሌተሩ ድርሻ ነው። በቲአይ-ቦይ ካሴቱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ላይ ወደ ካልኩሌተር አፕሊኬሽን ይቀየርና በኬብል ይጫናል።

ፍጥነቱ እንዲህ ከተፈታ በኋላ የሚቀረው ስክሪኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ዝምድና አይገባውም። ጌም ቦይ 160 በ144 ነጥብ በአራት የግራጫ ደረጃ ያሳያል። ቲአይ-84 ፕላስ 96 በ64፣ ጥቁር ወይም ባዶ። ከአራቱ ነጥብ አንዱ ብቻ ነው ቦታ የሚያገኘው ማለት ይቻላል። ወይ ታጨምቃለህ፣ ፊደሉ አይነበብም፤ ወይ ትቆርጣለህ፣ ጠላት ከማይታይ ጥግ ይመጣብሃል። የስክሪኑ ተቆጣጣሪም ዘገምተኛ ነው። በአንድ ጊዜ ስምንት ነጥብ የምትይዝ ባይት ይቀበልና 10 ማይክሮሰከንድ ያህል ያስጠብቃል፤ ሙሉውን ስክሪን ለመሙላት 768 ባይት ስለሚያስፈልግ ወደ 8 ሚሊሰከንድ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። ጌም ቦይ አንድ ሥዕል የሚያሳየው ከ17 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ግማሹ ጊዜ ስክሪን ደጅ በመጥናት ሄደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሥዕሎች ይዘለላሉ። ፈሳሹ ክሪስታል ራሱም ቶሎ ስለማይለወጥ የሚሮጥ ነገር ሁሉ ጥላውን እየጎተተ ነው የሚሮጠው።

ማስቀመጫውም ያጥራል። ቴትሪስ 32 ኪሎባይት፣ ሱፐር ማሪዮ ላንድ 64 ኪሎባይት ነው፤ የትም ይገባሉ። ፖኬሞን ሬድ ግን አንድ ሜጋባይት ነው። ተራው ቲአይ-84 ፕላስ ለተጠቃሚው የሚተወው የፍላሽ ቦታ 480 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ ፖኬሞን የሚገባው ሰፋ ባለው ሲልቨር ኤዲሽን ላይ ነው። ድምፅ የለም፤ ማሽኑ ድምፅ ማጉያ ኖሮት አያውቅም። ከኬብል መሰኪያው በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ማውጣት የቻሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ያ ለብቻው ሌላ ድካም ነው።

በ2015 የወጣው ቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ እነዚህን ችግሮች አብዛኛውን አቃለለ። 320 በ240 የቀለም ስክሪን፣ በ48 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ኢዜድ80 የተባለ የዜድ80 ልጅ፣ 3 ሜጋባይት ማስቀመጫ። ስክሪኑ የጌም ቦይን ሥዕል ሳይነካካ ይይዛል፣ ቦታም ይተርፋል። ቲአይ-ቦይ ሲኢ የተባለው ተከታይ ኢሙሌተር የተሠራው ለዚሁ ነው። ዛሬ ጌም ቦይን በካልኩሌተር መሞከር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ መሞከር ብቻ ሳይሆን መጫወት ይቻልበታል።

ከቲአይ ቤት ሳንወጣ፣ ኃይለኛው ኤንስፓየር ሲኤክስ ነው። በ2011 ሲወጣ 64 ሜጋባይት ሜሞሪና 132 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የአርም ፕሮሰሰር ነበረው፤ በ2019 የመጣው ሲኤክስ ሁለት 396 ሜጋኸርዝ ደረሰ። እዚህ ላይ ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል ኢሙሌተር ለማሽኑ ቀላል ሥራ ነው (ብዙዎቻችን በልጅነት ቴሌቪዥን ላይ እየሰካን የተጫወትንበት ባለ ካሴት ጌም የዚሁ የፋሚኮም ግልባጭ ነበር)። የ2001ዱ ጌም ቦይ አድቫንስ እንኳ ጂፒኤስፒ በተባለው ኢሙሌተር ይሄዳል። እዚህም ዝምድና አለ፤ አድቫንሱም አርም፣ ካልኩሌተሩም አርም። ግን ፕሮሰሰሩ ከስድስት ዕጥፍ በላይ ከፈጠነ በኋላ ዝምድናው ረዳት እንጂ ሕይወት አድን አይደለም። ለጨዋታ ኤንስፓየርን፣ ለአድናቆት ግን ቲአይ-84ን እመርጣለሁ።

ካሲዮ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ኤፍኤክስ-ሲጂ50 የሂታቺ ዘር የሆነውን ሱፐርኤች ፕሮሰሰር ይዟል፤ ከጌም ቦይም ከፋሚኮምም ጋር ዝምድና የለውም። ግን ስክሪኑ በጠቅላላው 396 በ224 ነጥብ ነው። ፋሚኮም 240 መስመር ቢያወጣም የአሜሪካና የጃፓን ቴሌቪዥኖች ከላይ 8፣ ከታች 8 መስመር ገደማ ይደብቁ ስለነበር ሠሪዎቹ በዚያ ቦታ ላይ አስፈላጊ ነገር አያስቀምጡም ነበር። 240 ሲቀነስ 16፣ 224። ኔሲዝም የተባለው የፋሚኮም ኢሙሌተር የተሠራው ለዚህ ካልኩሌተር ነው። በ2017 የመጣው የፈረንሳዩ ነምወርክስ ደግሞ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ስለጀመረ ፒነት-ጂቢ የተባለውን ቀላል የጌም ቦይ ኢሙሌተር ማስገባት ለሚያውቅ ሰው ብዙም አላስቸገረም።

አምራቾቹ ራሳቸውም ኢሙሌተር ሠሪዎች መሆናቸው ብዙ አይነገርም። የ2003ቱ ኤችፒ 49ጂ ፕላስ በውስጡ የአርም ፕሮሰሰር ነበረው፤ ሶፍትዌሩ ግን ሳተርን ለሚባለው ለቀድሞው ፕሮሰሰር የተጻፈ ስለነበር አርሙ ቀን ከሌት ሳተርንን ያስመስል ነበር። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ኤንስፓየርም የቁልፍ ሰሌዳው ወልቆ የቲአይ-84 ሰሌዳ ሲገባበት በውስጡ ቲአይ-84ን ያስመስላል። ተማሪው ያደረገው ኩባንያው ያደረገውን ነው፤ ልዩነቱ ማን ፈቀደ የሚለው ነው።

ወደዚያ ፈቃድ እንመለስ። ኢሙሌተር በማሽን ቋንቋ ካልተጻፈ አይሆንም፤ ካልኩሌተሩ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ቤዚክ መሳይ ቋንቋ በጣም ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማሽን ቋንቋ የሚገባበት በር መገኘት አለበት። በ1994 ለቲአይ-85 የወጣው ዚሼል በሩን የከፈተው በብልሃት ነበር። የማሽኑ ሜሞሪ መጠባበቂያ ቅጂ በኬብል ወደ ኮምፒዩተር ይወጣል፤ ቅጂው ውስጥ ተጠቃሚው እንደፈለገ ከሚያደራጀው ሜኑ አንዱ መስመር ወደ ማሽን ኮድ እንዲያመለክት ይታረማል፤ ቅጂው ተመልሶ ይጫናል። ተማሪው ያንን ሜኑ ሲጫን ማሽኑ የራሱን ሥራ የሚሠራ እየመሰለው የባዕዱን ኮድ ያስነሣል። በ1996ቱ ቲአይ-83 ላይ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር ለመገናኘት በተሠራ ትዕዛዝ ላይ 9 ቁጥርንና የፕሮግራሙን ስም መጨመር በቂ ነበር፤ በመመሪያው ላይ ያልተጻፈ የጓሮ በር። በ1999ኙ ቲአይ-83 ፕላስ ኩባንያው በሩን ከጓሮ ወደ ፊት አመጣውና ትዕዛዙን በግልጽ አስቀመጠው።

ስምምነቱ ለዘለቄታው አልሆነም። በ2009 በትርፍ ጊዜው ካልኩሌተር የሚነካካ አንድ ሰው የቲአይ-83 ፕላስን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያረጋግጠውን ባለ 512 ቢት ቁልፍ በቤት ኮምፒዩተሩ ሁለት ወር ተኩል ገደማ አስልቶ ሰበረው። ተመራማሪዎች የዚያኑ ርዝመት ቁልፍ ገና በ1999 ሰብረው ስለነበር ጊዜው ያለፈበት መቆለፊያ ነበር። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቁልፉን ያሠራጩትን ሰዎች በሕግ ደብዳቤ አስጠነቀቀ፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብት ድርጅት ቆመላቸውና ነገሩ ሳይገፋ ቀረ። በ2020 የመጣው ግን የከፋ ነበር። ኩባንያው በአዲሱ የሲኢ ሶፍትዌር የማሽን ቋንቋንና ሲ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጨርሶ ዘጋ። ምክንያቱ የፈተና ደኅንነት ነው ተባለ። በዚያው ዓመት አርቲፊስ የተባለ መክፈቻ ወጣ። ነምወርክስም በ2021 በተመሳሳይ ምክንያት ማሽኑን ቆለፈ፤ በ2022 ደግሞ ከውጭ የሚጫኑ አፕሊኬሽኖችን መልሶ ፈቀደ፣ የፈተና ሁነታ ሲበራ እንዲሰረዙ አድርጎ።

በዚህ ክርክር የኩባንያዎቹን ጭንቀት አላጣጥልም። ፈታኙ ማሽኑን ካላመነው ማሽኑ አይሸጥም፤ ማሽን ቋንቋ መጻፍ የሚችል ተማሪም የፈተና ሁነታ የበራ የሚመስል ስክሪን መሥራት አያቅተውም። ግን የነምወርክስ የ2022 መፍትሔ ሁለቱንም ወገን የሚያኖር ነው፦ ከፈተና በፊት ሁሉም ይጥፋ፣ ከፈተና በኋላ ልጁ ይመልሰው። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መንገድ ሐቀኛውን ፕሮግራም ጸሐፊ ቀጣ፤ ለማጭበርበር የቆረጠው መክፈቻውን ፈልጎ ያገኛል።

የካሴቱ ነገር ሌላ ሕግ ነው። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል እንዳልሆነ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2000 ሶኒ ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ አመልክቷል። የሌላ ሰው ጌም ከኢንተርኔት ማውረድ ግን የቅጂ መብት መጣስ ነው፤ ጌሙ 30 ዓመት ማስቆጠሩ አያድንም። ኒንቴንዶ ደግሞ የሚዘናጋ ኩባንያ አይደለም። በ2024 ዩዙ የተባለው የስዊች ኢሙሌተር ሠሪዎች 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ነው የተገላገሉት። ዛሬም ለጌም ቦይ አዲስ ጌም እየጻፉ በነፃ የሚለቁ ሰዎች አሉ፤ ለካልኩሌተር ሙከራ የእነሱ ጌሞች ይበቃሉ።

ቁልፎቹን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ደስታውን የሚያጎድሉት እነሱ ናቸው። የካልኩሌተር ቁልፍ ቁጥር ለማስገባት የተሠራ ነው፤ ጠንካራ፣ ጥልቅ፣ አንድ በአንድ የሚጫኑት። በብዙዎቹ ላይ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ማሽኑ ያልተጫነ አራተኛ ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል፤ የቁልፎቹ ሽቦ በረድፍና በዓምድ ተጋርቶ ስለሚሄድ ነው። ማሪዮን እያስሮጡ ማዝለል ሁለት አውራ ጣትና ዕድል ይጠይቃል። ፖኬሞንና መሰሎቹ፣ ቸኩሎ መጫን የማያስፈልጋቸው፣ ከሁሉ ይሻላሉ።

አሁን የሚገዛ ሰው ታዲያ ከዋጋው በፊት የሶፍትዌሩን ስሪት ይጠይቅ። ያገለገለ ሲኢ ላይ ስሪቱ ከ2020ው መዘጋት በፊት ከሆነ አለማሻሻል ነው፤ በኋላ ከሆነ በአርቲፊስ መክፈት ግድ ይላል። ኤንስፓየር ኤንድለስ የሚባለውን መክፈቻ ይፈልጋል፣ እሱም ለሁሉም ስሪት አይሠራም። ከዚህ ሁሉ ጋር ጊዜው ራሱ እየተለወጠ ነው። የአሜሪካው ኤስኤቲ ፈተና ከ2024 ጀምሮ በኮምፒዩተር ሆኗል፤ ዴስሞስ የሚባለው ግራፍ ሠሪም ፈተናው ስክሪን ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተማሪው የራሱን ካልኩሌተር ይዞ መግባት ዛሬም ይፈቀድለታል፤ ግን ግዙ የሚለው ዝርዝር ለስንት ዓመት እንደሚቀጥል ወላጆች መጠየቅ ጀምረዋል።